ጣሳውን ማን ለካው?

ሚሚ፦ ከሐዋሳ ሰላም ብለናል። ዛሬ ድምፄ ቆጣ ካለ አትፍረዱብኝ፣ ጠዋት በወተት ተናድጄ ነው የመጣሁት።

አቤ፦ ደግሞ ቀጠነብሽ?

ሚሚ፦ ቅጥነቱንስ ለምጄዋለሁ (ሳቅ)። ጎደለብኝ ነው የምልህ። አቶቴ አካባቢ ካለ አንድ ወተት ቤት በየቀኑ አንድ ሊትር እወስዳለሁ። በጣሳ ሰፍረው ሃይላንዴ ውስጥ ይገለብጡልኛል። ለኬክ ብዬ የገዛኋት ዲጂታል ሚዛን አለች አይደል? ባዶውን ሃይላንድ አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩት፣ ከዚያ ወተቱ ሲገባበት መልሼ መዘንኩት። 970 ግራም።

አቤ፦ እንዴ፣ ለ30 ግራም ነው ይሄ ሁሉ?

ሚሚ፦ እሱ ላይ ነው የተሸወድከው። እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያሰብኩት። ወተት ከውኃ ይከብዳል እኮ! አንድ ሊትር ወተት 1,030 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ የጎደለኝ 60 ግራም ገደማ ነው። በወር ብታስበው ወደ አንድ ሊትር ከሦስት ሩብ ይሆናል።

አቤ፦ ውኃ ተጨምሮበት ቢሆንስ ክብደቱን የቀነሰው?

ሚሚ፦ ንጹሕ ውኃ ቢሸጡልኝ እንኳ ሊትሩ 1,000 ግራም መሆን ነበረበት! በየትም ዞረህ ብትመጣ ጎድሏል።

አቤ፦ እሺ፣ ተረታሁ። ግን ሴትየዋ አውቀው ነው ያጎደሉት ብዬ ለመፍረድ ይከብደኛል። ጥፋቱ የጣሳው ይመስለኛል። አፉ ሰፊ ነው። አፉ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣሳ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሳይሞላ ከቀረ ወደ 79 ሚሊ ሊትር ይጎድላል። አንገተ ቀጭን ጠርሙስ ላይ ግን ያው አንድ ሴንቲ ሜትር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚያ ላይ አረፋው አለ፣ ከላይ ሲያንቆረቁሩት ጣሳው ሙሉ ይመስልሻል፣ ቤት ስትደርሺ አረፋው በኖ ወተቱ ወርዷል። ጣሳው ከሥሩ የተጨረመተ ከሆነማ ተይው።

ሚሚ፦ እኔ እኮ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ጣሳውን ማን ለካው? ድሮ የቲማቲም ድልህ ወይም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ የነበረ ነገር እኮ ነው፣ ማን ነው «አንተ ከዛሬ ጀምሮ ሊትር ነህ» ያለው?

አቤ፦ (ሳቅ) ራሱን ሾሞ ነው። ሕጉማ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሚዛንና መስፈሪያ ማጭበርበርን ወንጀል አድርጎታል። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ዕቃ መሸጥን ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ 813/2006፣ ይከለክላል። ግን ሕግ አዲስ አበባ ታትሞ አቶቴ ወተት ቤት እስኪገባ...

ሚሚ፦ እንግሊዝ አገር በሚመለስ ጠርሙስ የሚሸጥ ወተት እስከ ዛሬ በፓይንት እንዲሸጥ ተፈቅዷል፣ 568 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጠርሙሱ ራሱ መለኪያ ነው፣ አንተ መጨቃጨቅ አያስፈልግህም። እኛም ጋ መጠኑ ይወሰን ነው የምለው። ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድ ሊትር፣ አለቀ። አለበለዚያ ዋጋው ሳይነካ ላስቲኩ ብቻ ከ500 ወደ 450 ሲወርድብህ አታውቅም።

አቤ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ወይንና አረቄን አስቀርቶ አብዛኛውን የመጠን ገደብ አንስቷል። የፈለግሽውን ያህል አሽጊ፣ ግን የጻፍሽውን ያህል መኖሩን አረጋግጪ ነው ነገሩ። 500 ሚሊ ሊትር የተጻፈበት እሽግ እስከ 15 ሚሊ ሊትር ቢጎድል ይታለፋል፣ ነገር ግን የጠቅላላው ምርት አማካይ ከ500 መውረድ የለበትም። ለእኔ ይሄ ይሻላል። ሁለት ላም ያላቸውን እናት በጠርሙስ ዓይነት ከማስጨነቅ፣ ማኅተም ያለበት አንድ መስፈሪያ በየወተት ቤቱ ይሰጥ።

ሚሚ፦ ማን ይሰጣል? ከተሰጠስ በኋላ ማን እየዞረ ያያል?

አቤ፦ የነዳጅ ማደያውን የሚያየው ሰው ጎራ ይበላ! ሁለቱም ፈሳሽ ነው።

ሚሚ፦ ሃሃ! ሌላ ደግሞ ልንገርህ፣ በሁዳዴ ወተት ገዢ ሲያጣ ያው ጣሳ አፉ ድረስ ሞልቶ ይመጣል፣ «ጨምሬልሻለሁ» የሚባልም አለ። ፋሲካ ሲያልፍ ግን ጣሳው ይጎድላል። ስለዚህ «የጣሳው ጥፋት ነው» አትበለኝ፣ ጣሳው ጾም አያውቅም።

አቤ፦ (ይስቃል) እሱስ እውነት ነው። ቅጥነቱንም አንርሳው፣ የአንቺ ሚዛን እሱን አይነግርሽም። ለዚያ ላክቶሜትር የሚባል አለ፣ ወተቱ ውስጥ ይንሳፈፍና ክብደቱን ያሳያል። እሱም ይታለላል፤ ቅባቱን ገፈው ካወጡት ወተቱ ይከብዳል፣ ከዚያ ትንሽ ውኃ ጨምረው ይመልሱታል፣ ላክቶሜትሩ ደህና ነው ይልሻል።

ሚሚ፦ ወይ ጉድ። እና እኔ አሁን ምን ላድርግ?

አቤ፦ ባዶ ሃይላንድሽን ሚዛኑ ላይ አስቀምጪ፣ ዜሮ አድርጊውና 1,000 ግራም ውኃ ጨምሪ። ውኃው የደረሰበት ላይ በማርከር አስምሪ። ያ በትክክል አንድ ሊትር ነው። ነገ ይዘሽው ሂጂና «እስከ መስመሩ» በያቸው።

ሚሚ፦ «ምነው ልጄ፣ ለመድኃኒት ነው?» ነው የሚሉኝ።

አቤ፦ አዎ በያቸው።