ስማቸው ይፃፍልን፦ ጅማ ላይ ለዘማች ቤተሰቦችና ለቀድሞ ሠራዊት አባላት ያደረግኩት ንግግር

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አካም ጅርቱ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ፣ ከሰርቦ በዚህ ዝናብ ጭቃውን እየረገጣችሁ የመጣችሁ የጓዶቼ ቤተሰቦች፣ አብረን ምሽግ የቆፈርን የቀድሞ ሠራዊት አባላት፣ ባድመ የዘመታችሁ ታናናሾቻችን፣ ከከተማው አስተዳደር የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ፕሮግራሙ ላይ የተፃፈልኝ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ነው፣ እሱን አደረስኩ። የቀረኝን ደቂቃ ግን ብዙ ዘመን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር ልናገርበት ነው፣ መድረክ መሪው ይፍቀድልኝ።

የማወራው ስለ ሰው ስም ነው። ሀገር ብሎ ሄዶ ሳይመለስ የቀረ ሰው፣ ስሙ እንኳን የትም ሳይፃፍ መቅረቱን ነው የማወራው።

በደርግ ጊዜ ኤርትራ የነበረው ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ውስጥ የነበራችሁ፣ እዚያው ኤርትራ ያለችውን ከረንን ታውቋታላችሁ። ከከተማዋ ወጣ ስትሉ የእንግሊዞች የጦር መቃብር አለ፣ ብዙዎቻችሁ በኦራል መኪና ስታልፉ አይታችሁታል፣ ገብታችሁ ያያችሁት ግን ጥቂት ናችሁ። እንግሊዝ የሕንድ ወታደሮቹን ይዞ ጣሊያንን እዚያ ተራራ ላይ የገጠመው በ1933 ነው፣ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት 18 ድረስ ተላለቁ። ጦርነቱ እንዳለቀ የሞተባቸውን ሰው ሰብስበው ቀበሩ። 440 መቃብር ነው ያለው። ከነዚህ ውስጥ ማንነታቸው ያልታወቀው 35 ብቻ ናቸው፣ ለነሱም ቢሆን ለያንዳንዳቸው ድንጋይ ተደርጎላቸዋል። ሌሎቹ ግን ስማቸው አለ፣ ማዕረጋቸው አለ፣ ክፍላቸው አለ፣ የሞቱበት ቀን አለ። ሂንዱና ሲኮቹ በሃይማኖታቸው ሬሳ ስለሚያቃጥሉ መቃብር የላቸውም፣ መቃብር የላቸውም ብለው ግን አልተዋቸውም፣ ለብቻ መታሰቢያ ሠርተው የ285 ሰው ስም ቀረፁላቸው። ሪችፓል ራም የሚባለው፣ ሱበዳር የሚባል የመኮንን ማዕረግ የነበረው፣ እዚያው ከረን ላይ ተዋግቶ የእንግሊዝን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ ያገኘው ሕንዳዊ ስሙ እዚያ ነው ያለው፣ ከተራው ወታደር ስም ጋር።

እዚያ መቃብር ውስጥ መጀመሪያ የገባሁት ከአንድ ጓዴ ጋር ነው። ስሙን እዚህ አልጠራም፣ ቤተሰቡን ገና አላስፈቀድኩም፣ የአጋሮው ልጅ ነው የምለው። ያኔም ሻምበሉ ውስጥ "አጋሮ" ነበር የምንለው። ልጅ ሆኖ ቁርአን ቤት ተምሯል። ፈቃድ ተሰጥቶን ከተማ ወጥተን ስንመለስ "ና ግባ እንይ" አለኝ፣ ገባን። እኔ በእንግሊዝኛ የተፃፈውን ፊደል በፊደል ስቆጥር እሱ ቀድሞኝ ሄደና የሕንድ ሙስሊሞች ካሉበት ረድፍ ላይ ቁጭ አለ። በአረብኛ ፊደል የተፃፈ ነበር። በጣቱ እየተከተለ የአላህን ስም አነበበ፣ ከዚያ የሰውዬውን ስም አነበበ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገለት። ለማያውቀው ሰው! ተነስቶ ሱሪውን እያራገፈ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? "የዚህ ሰውዬ እናት ሕንድ ሀገር ቁጭ ብላ ልጇ የት እንዳለ ታውቃለች። እኔ ብሞት ለእናቴ ማን ይነግራታል?" አለኝ። እኔ እነግራታለሁ አልኩት። ወጣት ስለነበርን እንዲሁ ቃል መግባት ቀላል ነበር።

አፋቤት በመጋቢት 1980 በሻዕቢያ እጅ ሲወድቅ የሆነውን ለናንተ አልተርክም፣ የነበራችሁበት ነበራችሁበት፣ ያልነበራችሁም ከኛ ሰምታችኋል። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ከረን አፍንጫ ስር መጣ። የአጋሮው ልጅ የተመታው በሐልሐል በኩል ነው፣ ጠዋት ነው፣ ሻይ እንኳን አልጠጣንም። ቃሬዛ አልነበረም፣ በብርድ ልብስ ተሸክመነው ትንሽ ሄድንና እዚያው አለፈ። በቀበርንበት ቦታ አፈር የለም፣ ጠጠር ነው፣ በኮዳ ክዳንና በእጃችን ጫርን። ከመካከላችን ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቅ አንድ የወሎ ልጅ ነበር፣ ፊቱን አዞርንለት፣ እኛ ክርስቲያኖቹም ቆመን አሚን አልን። ከዚያ የጥይት ሳጥን ሳንቃ ገነጠልን። የሚፃፍበት ነገር ስናጣ የሬዲዮ ባትሪ በድንጋይ ሰብረን ውስጡ ባለው ጥቁር ነገር ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ "አጋሮ፣ ጅማ" ብዬ በእጄ ፃፍኩ። ሳንቃውን በድንጋይ ደግፈን ተውነው። አንድ ክረምት ቢቆይ ነው። ከዚያ በላይ ሊቆይ አይችልም፣ የባትሪ ጥቁር በአንድ ዝናብ ይታጠባል።

ግንቦት 1983 ላይ ሁሉም ነገር ሲያበቃ ከከረን በአቆርዳት አድርገን ሱዳን ገባን፣ ከዚያ ስንት ውጣ ውረድ አልፈን ሀገራችን ተመለስን፣ ይሄንንም ታውቁታላችሁ። ጅማ ከገባሁ በኋላ ቃሌን ይዤ አጋሮ ሄድኩ። እናትየዋ ቤት ስገባ ቡና እየለቀመች ነበር፣ ሰፌዱን አላስቀመጠችም። እሷ ቀድማ "ሞቷል አይደል?" አለችኝ። አዎ አዴ አልኳት። "የት ነው ያስተኛችሁት?" አለችኝ። ያንን ጠጠር፣ ያንን ተዳፋት ምን ብዬ ልንገራት? ነገርኳት። ከዚያ ከሳጥኗ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች፣ "የደረሰበት አልታወቀም" ይላል። እኔ በእጄ የቀበርኩትን ልጅ! ይዣት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን፣ የሱን ስም አልጠራም፣ አሟሟቱን አይቻለሁ፣ ምስክር ነኝ፣ መዝግቡልኝ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፣ "ያ ሠራዊት ፈርሷል፣ የፈረሰ ሠራዊት መዝገብ የለውም" አለኝ። አዴ አማርኛ ብዙም አትሰማም፣ "ምን አለ?" አለችኝ በኦሮምኛ። ነገ ተመለሱ አለን አልኳት። ደግማ ደጋግማ ተመላለሰች፣ በኋላ በኋላ እግሯ እምቢ ሲላት ነው ያቆመችው። ልጇ የሞተ ይሁን የጠፋ በወረቀት ሳይረጋገጥላት እሷም ሄደች።

ሠራዊት ይፈርሳል። መንግሥት ይሄዳል፣ ይመጣል። የሞተ ሰው ግን እንዴት ነው የሚፈርሰው? እስቲ ንገሩኝ!

ከረን ውስጥ ሌላም መቃብር አለ፣ የጣሊያኖቹ። ጄኔራል ሎሬንዚኒ እዚያ ነው የተቀበረው። ጣሊያኖቹ ስማቸው ተፅፏል። ለነሱ የሞቱት አስካሪዎች ጋ፣ ጣሊያን ከሀገሬው ሰው የመለመላቸው ወታደሮች ጋ ስትደርሱ ግን ረድፉን ሙሉ የምታነቡት አንድ ነገር ነው፣ "ያልታወቀ አስካሪ"፣ "ያልታወቀ አስካሪ"፣ "ያልታወቀ አስካሪ"። ያ ልጅ ከየት ሰፈር ነው የመጣው፣ የማን ልጅ ነው፣ የፃፈ የለም፣ ቅኝ ገዢ ነዋ፣ የሚፈልገው ትከሻውን ነው እንጂ ስሙ ምን ያደርግለታል። ይሄን ሳይ ያኔ በጣሊያን ተናድጄ ነበር። ዛሬ የምናደደው በኛ ነው። ጣሊያን እኮ ባዕድ ነው! እኛ የገዛ ልጆቻችንን፣ ከሐሙስ ገበያ፣ ከሂርማታ፣ ከእናታቸው ጓሮ የወሰድናቸውን ልጆች ያስቀረንላቸው ምንድነው? አስካሪው እንኳን "ያልታወቀ" የሚል ድንጋይ አለው። የአጋሮው ልጅ እሱም የለውም!

አንዳንድ ሰው "እነሱ የደርግ ወታደር ናቸው" ይላል። እዚህ አዳራሽ ውስጥም የሚል ይኖራል፣ ፊት ለፊት ልመልስለት። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ቀበሌ ልጅ አምጡ ሲባል የተላከው፣ በአፈሳ ገበያ ላይ የተያዘው፣ ሁርሶና ታጠቅ ገብቶ ጠመንጃ የተሰጠው ልጅ የየትኛው ፓርቲ አባል ነበር? አብዛኛው ማርክስን አያውቅም፣ የሚያውቀው የአባቱን ቡና ነው። ጦርነቱ ትክክል ነበር አልልም፣ ማዶ የነበሩትም ልጆች እናት እንዳላቸው አውቃለሁ፣ ይሄን የምለው ተኩሼም ተተኩሶብኝም ነው። ግን የመሪዎቹን ጥፋት የሚከፍለው ሬሳ መሆን የለበትም!

ሌላው ሀገር እንዴት እንደሚያደርግ ካያችሁ ደግሞ ያማል። በ1943 ከክቡር ዘበኛ ተመርጦ ኮሪያ የዘመተውን ቃኘው ታውቃላችሁ፣ ከስድስት ሺህ በላይ ሰው በተራ በተራ ሄዶ አንድም ሳይማረክ የሞተበትን ሬሳ ይዞ የመጣ ጦር ነው። ቡሳን ላይ የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መቃብር አለ፣ የኛ ሰዎች ዛሬ እዚያ የተቀበሩ የሉም፣ አፅማቸው ሀገሩ ገብቷል። ሆኖም ኮሪያዎቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ጥቁር ድንጋይ ግንብ ሠርተው የሞተላቸውን የ40,896 ሰው ስም ሲቀርፁ የ122 ኢትዮጵያዊ ስምም አብሮ ተቀረፀ። ኮሪያዊ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ የኛን ሰው ስም ያነባል። እንግሊዞቹም ቢሆኑ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለነሱ የሞቱትን አፍሪካውያን ስም ሳይፅፉ ነበር የተዉአቸው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የጦር መቃብር ኮሚሽናቸው ራሱ አጣርቶ ቢያንስ 116 ሺህ ሰው በስሙ ሳይታሰብ ቀርቷል ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ስም ፍለጋ ጀመረ። መቶ ዓመት! እኛ ምስክሩ በሕይወት እያለ፣ ይኸው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለ፣ እንዴት ነው መፈለግ ያቃተን?

የራሳችንን ከተማ ውሰዱ። ጅማ ከጣሊያን የተለቀቀችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ነው። ዙሪያዋን የደጃዝማች ገረሱ ዱኪ አርበኞች ይዘዋት ነበር፣ በኦሞ በኩል ደግሞ ናይጄሪያዎችና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ወንዙን ተሻግረው መጡ። አርበኛ ሆኖ እዚህ ዙሪያ የወደቀው የጅማ ገበሬ ስሙ የት ነው? ልጅ ልጁ እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አሉ እኮ። አውቀው ነው የተቀመጡት፣ ጠያቂ አጥተው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ትልቅ ሐውልት አልጠየቅኩም፣ ክላሽ የያዘ የናስ ወታደር አልጠየቅኩም። "ለሰማዕታት" የሚል አንድ መስመር ያለበት ሐውልት ተሠርቶ ሪባን ተቆርጦ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ አይቻለሁ፣ የትኛውም እናት የልጇን ስም ፈልጋ አላገኘችበትም። ስም ያለበት ግንብ ነው የምንጠይቀው። የሰውዬው ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ፣ የመጣበት ወረዳ፣ የወደቀበት ቦታና ዓመት። ኦጋዴን የወደቀው፣ ኤርትራ የወደቀው፣ ባድመና ፆረና የወደቀው፣ ከ2013 ወዲህ ሰሜን ሄዶ የቀረው፣ ሁሉም በአንድ ግንብ ላይ፣ ኮሎኔሉና ምልምሉ በእኩል ፊደል፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን። ከከተማው አስተዳደር የመጣችሁ እንግዶች፣ ቦታ ብቻ ስጡን። ድንጋዩን እኛ እናዋጣለን፣ ጅማ ለድንጋይ የሚሆን ቡና አታጣም። ዛሬ "እናጠናዋለን" ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ ቀጠሮ ስጡን፣ ቀኑን ንገሩን!

የጡረታውን ጉዳይ ከኔ በኋላ የሚነሳው ጓዴ ያብራራዋል። የአካል ጉዳተኞቹን የሕክምና ወረቀት በተመለከተ ደግሞ ኮሚቴው ያያል፣ ያላስገባችሁ አስገቡ።

የስም ምዝገባው ግን ቦታ እስኪሰጠን አይጠብቅም። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ መዝገብ አለ፣ ሁለት ልጆች ቁጭ ብለዋል፣ አንዱ ኦሮምኛ ይፅፋል፣ አንዷ አማርኛ፣ በፈለጋችሁት ተናገሩ። ፎቶ ያላችሁ አምጡ፣ በስልክ አንስተን እዚያው እንመልስላችኋለን፣ ማንም ኦሪጅናል አይወስድባችሁም። "የደረሰበት አልታወቀም" የሚል ወረቀት ያላችሁም እሱንም አምጡ። ዘማቾች ደግሞ፣ የቀበራችሁትን ሰው ስም ሙሉውን ባታስታውሱ የምታስታውሱትን ያህል ተናገሩ፣ "የሊሙው"፣ "የሰቃው" ብትሉም ይፃፋል፣ ወረዳው ላይ ወርደን ቤተሰቡን እናፈላልጋለን። ዛሬ ያልደረሳችሁ ሐሙስ ከገበያ መልስ ኑ፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነን።