ያጨበጨብንለት ገዳይ

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከደሴ ነው። ዛሬ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ውጦታል። ጋቢዬን ደርቤ ነው የተቀመጥኩት። እናንተም ቡናችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ። አቦሉ ላይ እንጀምራለን፣ በረካው ላይ እንጨርሳለን።

ባለፈው አንድ ጥያቄ ጠይቄያችሁ ነበር። ቤተሰቡ የተጎዳበት ሰው ፖሊስ አልደርስለት ሲል ሽጉጥ ያነሣል። ሌሊት ሌሊት እየወጣ ወንጀለኛ ይገድላል። እንዲህ ያለ ፊልም ስታዩ ምን ይሰማችኋል? ብዬ። ወላሂ፣ ይህን ያህል ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

ብዙዎቻችሁ «እሰይ!» ነው ያላችሁት። «አንጀቴን አራሰው» ያላችሁም አላችሁ። አንዱ ከኮምቦልቻ «ፖሊስ ካልሠራ ማን ይሥራው? ሕጉም ራስን መከላከል ይፈቅዳል» አለ። ከወልድያ አንዲት እህት ደግሞ «ደሙ በዛብኝ፣ ዐይኔን በነጠላዬ ሸፍኜ አየሁት» አለች። ሸፍና አየችው! ይህን መልስ በጣም ነው የወደድኩት። የሁላችንም ነገር ይኸው ነዋ። እንሸፍናለን፣ ግን እናያለን።

ደጋግማችሁ የጠቀሳችሁት አንድ ፊልም ነው፤ «ዴዝ ዊሽ»። የሞት ምኞት እንደ ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ማይክል ዊነር አዘጋጀው፣ ቻርልስ ብሮንሰን ተወነበት። በኛ ሐምሌ 1966 መሆኑ ነው። ወሎ ላይ «66» ሲባል ትዝ የሚለን ረሃቡ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ ሰው አምሽቶ ባቡር መሳፈር የፈራበት ጊዜ ነበር።

ታሪኩን ለማታውቁ በአጭሩ። ፖል ከርሲ አርክቴክት ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ እንኳ መሣሪያ አልይዝም ብሎ በሕክምና ክፍል ያገለገለ ሰው ነው። አንድ ቀን ሦስት ወጣቶች ቤቱ ገቡ። ሚስቱን ገደሉ፣ ሴት ልጁን አጠቁ። ከዚያ ለሥራ አሪዞና ሄደ። እዚያ ያለው ደንበኛው ሽጉጥ በስጦታ ሰጠው። ይዞት ኒው ዮርክ ተመለሰ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ሲኒማ ቤት ውስጥ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሃያስያን ተቆጡ። የኒው ዮርክ ታይምሱ ቪንሰንት ካንቢ ክፉኛ ነቀፈው። ሕዝቡ ግን ትኬት መቁረጡን አላቆመም። እስከ እ.ኤ.አ. 1994 ድረስ ፊልሙ አምስት ሆነ። በ2018 ብሩስ ዊሊስ የተወነበት ሆኖ እንደገና ተሠራ። ያኔም ሃያስያኑ ሲያጣጥሉት ተመልካቹ የተሻለ ነጥብ ሰጠው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያው ክርክር ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ እዚሁ ደሴ፣ ቪዲዮ ቤት። ቪዲዮ ቤት የደረሳችሁ እስቲ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። አግዳሚ ወንበር ነበር። መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሏል። በሩ ላይ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ ቆሟል። ከኋላ የተቀመጠ ትልቅ ልጅ እንግሊዝኛውን ይተረጉምልናል፣ ግማሹን ከራሱ ይጨምራል። ብሮንሰን ባቡር ውስጥ ጋዜጣውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሌቦቹ መጡበት። ጋዜጣውን በጩቤ ቀደዱት። ቤቱ ጸጥ አለ። ሽጉጡ ሲጮኽ አግዳሚው በሙሉ ብድግ አለ። እኔም ብድግ አልኩ። «እሰይ!» ብዬ ጮኽኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ የያዘው ቆሎ ተበተነ፤ ማንም ለመልቀም አልጎነበሰም።

እንግዲህ አሁን ወደ ዋናው ነገር ልገባ ነበር። ግን አልችልም። አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጽፋችኋል፣ እሱን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። እንዲህ ይላል፦ «የሚስቱን ገዳዮች አንድ በአንድ ለቅሞ ጨረሳቸው። ይሄ ነፍስ ማጥፋት አይደለም፣ ደም መመለስ ነው።»

ቆዩ። ቆዩማ። አላገኛቸውም!

አላገኛቸውም ነው የምላችሁ። ትላንት ማታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግሜ አየሁት። ሦስቱ ልጆች ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ከዚያ ቤት ወጥተው ይሮጣሉ። በቃ። ተመልሰው አይመጡም። አንደኛው ጄፍ ጎልድብለም ነው፣ ያኔ ማንም አያውቀውም፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ከርሲ ስማቸውን አያውቅም። መልካቸውን አያውቅም። አይፈልጋቸውምም። ኪሱ ውስጥ ሽጉጥ ከትቶ ማታ ይወጣል፣ ሊዘርፈው የመጣውን ይገድላል። የሞቱት በሙሉ ሌሎች ናቸው። በሙሉ!

ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው «አግኝቷቸዋል» የሚለው ከየት አምጥቶ ነው? አንዳንዶቻችሁ ከ2018ቱ ጋር ቀላቅላችሁታል። እዚያኛው ላይ ያገኛቸዋል፤ ሰውዬውም ሐኪም ነው፣ ከተማውም ቺካጎ ነው። ግን የድሮውን ብቻ ያያችሁም እንዲሁ ብላችኋል። እኔ ራሴ እስከ ትላንት ድረስ ብትጠይቁኝ «አግኝቷቸዋል» ብዬ እምል ነበር። ቪዲዮ ቤት ውስጥ በዐይኔ አይቼ! አእምሯችን ፍርዱን ሞልቶታል። ፊልሙ ያልሰጠንን ፍትሕ እኛ ራሳችን ጨምረንበት ነው ከሲኒማ ቤቱ የወጣነው።

ደም መመለስ ያላችሁትም ልክ አይደለም። ደም መላሽ ደሙ ከማን ዘንድ እንዳለ ያውቃል። የሚፈልገው ገዳዩን ነው፣ ቢከፋ የገዳዩን ወገን። ለዚያውም ሽማግሌው እግር በእግር ይከተለዋል። ካሣ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል፣ ደሙ ይደርቃል። ማታ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚገድል ደም መላሽ ግን አያቶቻችን አያውቁም።

እና ካላገኛቸው ያኔ ለምን «እሰይ» አልኩ?

ይቺን ቶሎ ልበላት፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ካሜራው ከማን ጎን ይቆማል? ማንን ቀድመን እንወዳለን? ኤዲተሩ የቱን ያስረዝማል፣ የቱን ይቆርጣል? ቤት ውስጥ ያለው ጥቃት ረጅም ነው፣ ፊት ለፊት ነው፣ ያማል። መንገድ ላይ ያለው ግድያ አጭር ነው። ሟቹ ስም የለውም፣ እናት የለውም፣ ድንኳን አይጣልለትም። ሙዚቃው የኸርቢ ሃንኮክ ነው፣ ጭንቀቱን እሱ ይሸከምልናል። ይኸው ነው። ስለ ካሜራ ማዕዘን ለብቻው የሠራሁት ቪዲዮ አለ፣ ሊንኩ ከታች ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዛው እያላችሁ አድርጉ።

አሁን የምወደው ምሳሌ ላይ ደረስን። አውጫጭኝ።

አውጫጭኝን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁ አያቶቻችሁን ጠይቁ። የአንድ ሰው በሬ ጠፋ እንበል። ወይም ሰው ሌሊት ተገድሎ ተገኘ። ማን እንዳደረገው አልታወቀም። አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። በሙሉ ነው የምላችሁ። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ከዚያ ሁሉም በየተራው እየማለ ያየውንም የሰማውንም ይናገራል። «ማታ ውሻ ሲጮኽ ሰምቻለሁ።» «እገሌ ከወንዙ ማዶ ሲመጣ አይቻለሁ።» «እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ዛሬ ካልወጣ ነገ ይቀመጣሉ። ነገ ካልወጣ ከነገ ወዲያ። እርሻው ይቆማል፣ ገበያው ይቀራል።

አስቡት እስቲ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎረቤትህ አጠገብህ ተቀምጧል፣ ምናልባት እሱ ነው። አንተን ደግሞ እሱ ይጠረጥርሃል። ማንም አያውቅም። ያን ሁሉ ሕዝብ ያን ሁሉ ቀን ያስቀመጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ማን አየ?

ይህ ነገር ክፉ ጎን አልነበረውም አልላችሁም። ድሃው ሥራ ፈቶ ይጉላላበታል፣ ቂም ያለው በሐሰት ይጠቁምበታል። ግን አያቶቻችን አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ከቅጣቱ በፊት ያለው ሥራ ከቅጣቱ ይበልጣል። ይከብዳልም።

እና ፊልሙ ምን አደረገ? እኛን የጠራን አውጫጭኙ ካለቀ በኋላ ነው። ሜዳው ላይ ስንደርስ በሬው ተገኝቷል፣ ሌባው ታውቋል፣ ለእኛ የቀረልን ማጨብጨቡ ብቻ ነው። ባቡሩ ውስጥ ጩቤውን በዐይናችን አይተናል። ሁላችንም ምስክር ነን። ከርሲ አይሳሳትም፤ ሊሳሳት አይችልም፤ ደራሲው ከፊቱ የሚያቆምለት ጥፋተኛውን ብቻ ነው። ፊልም ላይ የተናደዳችሁት ንዴት ትክክል ነው። እኔም ደግሜ ሳየው ተናድጃለሁ። ግን ያ እርግጠኝነት የካሜራው ስጦታ ነው። መንገድ ላይ ማንም አይሰጠንም።

መንገድ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰኞ ገበያ ነው። ዝናብ ጥሎ አባርቷል፣ ጭቃ ነው። አንዲት ሴትዮ «ስልኬን! ሌባ! ሌባ!» አለች። ዕቃ ሲሸከምላት የነበረው ልጅ ዘወር አለ፣ በቃ፣ ዘወር በማለቱ ብቻ ያዙት። መጀመሪያ በጥፊ፣ ቀጥሎ በእርግጫ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። አንድ እግር ኮንጎ ጫማው ጭቃው ላይ ቀርቷል፣ ሰው ሁሉ እየረገጠው ያልፋል። እኔም እጄን አንሥቼ ነበር። አልመታሁትም። ግን አንሥቼ ነበር።

በርበሬ የምትሸጥ እናት ከማዳበሪያዋ ላይ ተነሥታ መሐላችን ገባች። «በሕግ አምላክ!» አለች። «በሕግ አምላክ! ማን አየ? አየሁ የሚል ይምጣና ይማል!»

ዝም። ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። አንድም ሰው አላየም ነበር።

ስልኩ የተገኘው ሴትዮዋ ዘንቢል ውስጥ ነው፣ ከድንቹ ሥር። እሷ ማልቀስ ጀመረች። ልጁ አላለቀሰም። ጫማውን ፈልጎ አገኘ፣ ጭቃውን በእጁ ጠረገ፣ አጠለቀና ሄደ።

የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ጥያቄህን አልረሳሁም። «ፖሊስ ካልሠራ ማን ይሥራው?» ያልከው የውሸት ጥያቄ አይደለም። እኔም ቤቴ ተሰብሮ ተመላልሻለሁ። «ነገ ና» ተብያለሁ። ነገ ስሄድ «ኃላፊው የለም» ተብያለሁ። ያን ጊዜ ሰው ውስጡ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፣ አልደብቅህም። ግን ሕጉ ራስህን እንድትከላከል ይፈቅድልሃል ያልከው ላይ ላርምህ። በኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ላይ ያለው መከላከል ጥቃቱ እየደረሰብህ ወይም ሊደርስብህ ሲል፣ ሌላ ማምለጫ ስታጣ፣ ከልኩ ሳታልፍ ነው። ሽጉጥ ይዞ ሌባ ፍለጋ ማታ የወጣ ሰው እዚያ አንቀጽ ውስጥ አይገባም።

የታሪኩ ባለቤት ራሱ ነገሩን እንዲህ አልነበረም ያሰበው። ፊልሙ የተነሣበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ብራያን ጋርፊልድ ነው። የመኪናውን የጨርቅ ጣሪያ በስለት ቀደዱበት፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነድቶ ቤቱ ገባ። ያደረገውን ሰው ባገኘው እገድለዋለሁ ብሎ ነበር። ሲያድር ንዴቱ በረደ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ንዴቱ የማይበርድለት ሰው ቢኖርስ? መጽሐፉ ያ ነው። እየታመመ ስለሚሄድ ሰው ነው። ፊልሙ ጀግና ሲያደርገው ጋርፊልድ አዘነ። በ1975 ተከታይ መጽሐፍ ጻፈ፣ መበቀል የትም እንደማያደርስ ለማሳየት። እኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ስንጮኽ ይህን የነገረን ማንም አልነበረም።

በረካው ደርሷል፣ አንድ ኮመንት አንብቤ ልሂድ። ከሐይቅ ነው፣ የጻፈችው ሴት ናት። ሦስት ቃል ብቻ ናት፦ «ልጅቷስ የት ሄደች?»

ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ትላንት ፊልሙን ደግሜ የከፈትኩት። ልጅቷ አልሞተችም። በሕይወት አለች። መናገር አቆመች፣ ወደ ሕክምና ተወሰደች። አባቷ ማታ ማታ ይወጣል፣ ጋዜጣው ስለ እሱ ይጽፋል፣ ፖሊሱ ይፈልገዋል፣ መጨረሻ ላይ ቺካጎ ደርሶ ጣቱን እንደ ሽጉጥ ቀስሮ ፈገግ ይላል። ልጅቷ የለችም። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያለነውም አልጠየቅንም።

ኮመንቷን ከላይ ሰክቼዋለሁ። ፊልሙን ያያችሁ እዚያው ሥር መልሱላት።