የብድር መረጃ ስሕተት የት ይታረማል? (የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፣ ሐዋሳ)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የሥራ ክንውንና የኦዲት ሪፖርት በአጀንዳው መሠረት ይቀርባል። እኔ የማነሣው አንድ ጉዳይ ነው፤ የደንበኞቻችንን የብድር መረጃ።

ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያለውን የአመልካቹን ታሪክ ያያሉ። እዚያ ስሕተት ሲገኝ ብዙ ሰው ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ይነሣል። ማዕከሉ ግን አበዳሪዎች የላኩለትን መረጃ ነው የሚይዘው። ስለዚህ መጀመሪያ ብድር የከለከለውን ባንክ «የትኛው አበዳሪ፣ የትኛው ብድር፣ ስንት ቀሪ ዕዳ፣ እስከ መቼ ያለ መረጃ?» ብላችሁ ጠይቁ። አቤቱታው የሚገባው መረጃውን ለላከው አበዳሪ ነው።

በብዛት የሚያስቸግረው ተከፍሎ ያልተዘጋ ብድር ነው። ማክሰኞ ቀሪ ዕዳውን ጠይቆ ዓርብ የሚከፍል ሰው የሦስት ቀን ወለድ ሳይከፈል ይቀረዋል። ያቺ ጥቂት ብር ብድሩን ክፍት ታቆየዋለች፤ 30 ቀን ሲያልፍ ከመደበኛው ደረጃ ይወጣል፣ 90 ሲሞላ የተበላሸ ብድር ይባላል። ሌላው ደግሞ ስሊፕ ይዞ «ከፍያለሁ» ይላል፤ ስሊፑ ላይ ያለው የሒሳብ ቁጥር ግን የቁጠባ ነው፣ ገንዘቡ ወደ ብድር ሒሳቡ አልተዛወረም። ለዚህ መድኃኒቱ በከፈሉበት ዕለት የብድር ሒሳቡን ስቴትመንት (የሒሳብ መግለጫ) ዜሮ ሆኖ ማየትና ክሊራንስ (ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ) ሳይቀበሉ ከቅርንጫፉ አለመውጣት ነው።

ሁለተኛው የማንነት መደባለቅ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለሆነ ሦስቱም የሚገጥሙላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ) በላቲን የሚጻፍ ስም ደግሞ አንዱ ቅርንጫፍ ፊደሉን ይደግመዋል፣ ሌላው ይነጥለዋል። በስም አትከራከሩ። 10 አሃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያውን 12 አሃዝ አስቀድሙ፤ የፋይዳ ካርዱ ላይ ያለው 16 አሃዝ ሌላ ቁጥር ነው። የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቁጥርና የባለቤቱ ቁጥር መምታታቱንም ተመልከቱ።

ስሕተት ያልሆነውንም ለደንበኛው በግልጽ ንገሩት። የመክፈያ ሰንጠረዡ በፈረንጆች ቀን ከሆነ፣ ሴፕቴምበር 30 መከፈል የነበረበትን መስከረም 30 የከፈለ ሰው ቢያንስ 10 ቀን ዘግይቷል። እውነተኛ መዘግየት በአቤቱታ አይፋቅም፤ እንዲያውም ሌላውን ትክክለኛ አቤቱታ ያስጠረጥራል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የብድር ውል ቁጥር፣ የተሳሳተው መስመር፣ ትክክለኛው አሃዝ፣ የተጠየቀው እርማት። ውሉን፣ ስቴትመንቱንና ክሊራንሱን አያይዙ። በሁለት ቅጂ ወስዳችሁ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ (ቀሪ) ላይ የመዝገብ ቤት ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። በቃል የቀረበ አቤቱታ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ስለሚሰጥ ቁጥሩን ጥቀሱት። ቅርንጫፉ ዝም ካለ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ያንኑ ቀሪ ይዛችሁ ለብሔራዊ ባንክ ጻፉ።

እርማቱ ተልኳል ሲባልም ሥራው ገና ነው። ብድር በከለከለው ባንክ ፋይል ውስጥ ያለው የድሮው ህትመት ስለሆነ መረጃውን እንደገና እንዲያወጣ በጽሑፍ ጠይቁ።

የደብዳቤው ናሙና ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ በሻይ ሰዓት ውሰዱ። ጉባኤው ተከፍቷል፣ መድረኩን ለጸሐፊያችን እለቃለሁ።