መንግሥቱ ማን?

የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ «ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ይንገሩን» ብለው ነበር የጋበዙኝ። አንዱን መምረጥ አቃተኝና አራት ይዤ መጣሁ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ቦታ አይዙም፤ መንግሥቱ ንዋይ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ መንግሥቱ ለማ። ጄኔራል፣ ኳስ ተጫዋች፣ ኮሎኔል፣ ባለቅኔ። አምስተኛው እኔ ነኝ። ታዋቂ ስላልሆንኩ አትቁጠሩኝ፤ ነገሩ ግን ከእኔ ስለሚጀምር ትንሽ ታገሡኝ።

የተወለድኩት በጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ጥር 13 ቀን እናቴ አራስ ቤት ተኝታ፣ አባቴ ስታዲየም ነበር። ይህን ነገር እናቴ እስክታርፍ ድረስ ይቅር አላለችውም። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ከተባበሩት ዐረብ ሪፐብሊክ ጋር። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛዎቹ ሁለቴ ደረሱባቸውና መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። በ117ኛው ደቂቃ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረበትና የግብፆቹ ተስፋ ተቆረጠ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አባቴ ማታ ድምፁ ተዘግቶ ቤት ገባ። በዚያች በቀረችው ድምፅ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ልጁ መንግሥቱ ነው» አለ።

አያቴ አማተበች።

«ይህን ስም? አሁን?»

አያቴ ኳስ አታውቅም። እሷ የምታውቀው መንግሥቱ ሌላ ነው። ከዚያ ጨዋታ አሥር ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1953 ዓ.ም.፣ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ሕዝብ እያየ ተሰቅለዋል። የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ፤ የንጉሡ ጠባቂ ማለት ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ከንጉሡ ጎን ቆሙ፤ ሙከራው ሳምንት እንኳ አልሞላም። መሸነፍ ሲመጣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአረንጓዴው አዳራሽ ታግተው በነበሩት መኳንንትና ሹማምንት ላይ ተተኮሰ። እዚያ ከወደቁት አንዱ የአምስቱ ዓመት አርበኛ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። እንግዲህ በዚያው በክብር ዘበኛ ውስጥ፣ ከጄኔራሉ ወታደሮች መካከል፣ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈ ሌላ አበበ ነበረ። የአበበዎቹ ጉዳይ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል፤ ልለፈው።

አያቴን አስቡልኝ ብዬ ነው። እሷ በሹክሹክታ የምትሰማውን ስም፣ አባቴ ከአሥር ወር በኋላ ከሠላሳ ወንዶች ጋር ተቃቅፎ ሲጮኸው ውሎ መጣ። ዙፋናቸውን ሊገለብጡ የተነሡት መንግሥቱ ከተሰቀሉ ዓመት ሳይሞላ፣ እኚያው ንጉሥ ክብር ትሪቡን ላይ ተቀምጠው ስታዲየሙ «መንግሥቱ! መንግሥቱ!» ሲል አዳመጡ። አባቴ ይህን ጉዳይ ያሰበበት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ስጠይቀው ነው። «እኔ ያየሁት ኳሱን ነው» አለኝ።

ስሙ ራሱ አስቸጋሪ ነው። «የእሱ መንግሥት» ማለት ነው። የማን? አይናገርም። አማኝ የፈጣሪ ነው ብሎ ያወጣዋል፤ ባለ ምኞት ደግሞ ወደ ልጁ ያዞረዋል። አማርኛ ግን ጥያቄውን በራሱ መንገድ ይጠይቃል። ለማንኛውም ጸሐፊ «መንግሥቱ» ብላችሁ ዝም ብትሉ፣ ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሣ «መንግሥቱ ማን?» ይላችኋል። የአባትህን ስም አምጣ ማለቱ ነው። የቤተሰብ ስም የለንምና ሰው ከሰው የሚለየው በአባቱ ነው። የውጭ አገር ጋዜጠኛ «ሚስተር ኃይለ ማርያም» ሲል ሳያውቀው አባትየውን እየጠራ ነው።

ወደ ኮሎኔሉ ልምጣ። አንቱ ልበላቸው ወይስ አንተ ልበለው፣ በዚህ ዕድሜዬም አልወሰንኩም፤ ዛሬ ሰው ፊት ስለቆምኩ አንቱ ይሁኑ። ከእሳቸው በፊት ግን ተፈሪዎቹ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዘውዱ በፊት ተፈሪ መኮንን ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ከወረዱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት የደርጉን ሊቀመንበርነት የያዙት ተፈሪ በንቲ ሆኑ። ዙፋን ያፈረሰ አብዮት ሦስት ወር ሳይሞላው ተፈሪ ለሚባል ሰው ወንበር ሰጠ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. እኚህም ተገደሉና ወንበሩ ለመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሆነ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራና እኔ ጋ ሲደርስ፣ ከኋላ ያሉት ልጆች «ጓድ ሊቀመንበር!» እያሉ ይነሡልኝ ጀመር። ቀልዱ ሁለት ሳምንት አልቆየም። ያ ዘመን ልጅ ከቤት ወጥቶ የሚቀርበት ዘመን ነው፤ አንድ ቀን የሚቀልድ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፤ «ባሪያው» የሚሉ አሉ፣ «ሞክሼው» የሚሉ አሉ፣ እናቴ «አንተ ልጅ» ትለኛለች። ሬዲዮው ግን ቀኑን ሙሉ ከቆራጡ መሪያችን ጋር ወደፊት ነው።

አባቴ በዚህ ሁሉ መካከል አልተበገረም። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሊቢያ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲሄድ አሰልጣኙ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። አባቴ እሱን «የኔው» ይለዋል፤ ሌላውን «ያኛው»። ቤታችን ውስጥ «ያኛው ዛሬ ንግግር አለው» ከተባለ ሁላችንም ይገባናል፤ ጎረቤት ግን አይገባውም። ለሰባት ዓመት ያህል በዚህ ሁለት ቃል ተዳደርን።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ያኛው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። በኋላም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ተፈረደባቸው። እሳቸው በሄዱበት ዓመት ክረምት ሥራ ፍለጋ አንድ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ ፎርሙን ስባ፣ «ስም?» አለችኝ።

«መንግሥቱ።»

ቀና አለች። «መንግሥቱ ማን?»

«ያኛው አይደለሁም» አልኳት።

«እሱን አይደለም፤ የአባትዎን ስም ነው የጠየቅኩዎ» አለችና ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። ሥራውን አላገኘሁም፤ በሌላ ምክንያት ነው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? በእንግሊዝኛ የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ስትገልጡ፣ «መንግሥቱ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ኮሎኔሉ ናቸው። ሌሎቹ ማብራሪያ ይፈልጋሉ። አንድ ሰው ሥልጣን ስለያዘ ስሙንም ጠቅልሎ ሄደ። እኛም ለመድነው። ዛሬ ማለዳ አንድ ወጣት «ስለ መንግሥቱ ሊናገሩ ነው አሉ» ሲለኝ፣ የትኛው ብሎ አልጠየቀኝም።

አራተኛውን ያስቀረሁት ስለምወደው ነው። ተማሪ ሳለሁ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት እገባ ነበር። ካርዶቹ በደራሲው በራሱ ስም ነው የሚደረደሩት፤ «መ» የሚለውን መሳቢያ ስቤ በጣቴ ስገፋ መንግሥቱ ለማ ላይ ደረስኩ። «ያላቻ ጋብቻ»ን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ለንደን ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ የእኛን የተማረ ሰው ጉራና የእኛን የመኳንንት ኩራት እኩል ያላግጥበታል። ሳቄን ለማፈን ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ከዚያ ቀና ስል ያለሁበት ቤት ትዝ አለኝ። ከሙከራው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የአንዱ መንግሥቱ ታጋቾች በረገፉበት ጣሪያ ሥር፣ በሌላው መንግሥቱ እየሳቅኩ ነበር። መጽሐፉን መልሼ ወጣሁ፤ በማግስቱ ግን ተመልሼ ጨረስኩት።

ይህ ሰው «መንግሥቱ ማን?» ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥቶ መልሷል። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የቅኔና የመጻሕፍት ሊቅ ነበሩ። ልጅየው የድምፅ መቅጃውን አባቱ ፊት አስቀመጠና ይጠይቃቸው ጀመር፤ ስለ ተማሪ ቤት፣ ስለ መምህሮቻቸው፣ ስላለፉት ነገሥታት። ሽማግሌው ያወራሉ፣ ክሩ ይሽከረከራል። ከዚያ ያወሩትን እንዳወሩት ገልብጦ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ» ብሎ አሳተመው። መጽሐፉ የሚጠራው በአባትየው ስም ነው።

ይኸው፣ ይዤው መጥቻለሁ። መነጽሬን አንድ ሰው ከዚያ ወንበር ላይ ያቀብለኝ፤ አንድ ሁለት ገጽ ላንብብላችሁና እቀመጣለሁ።