የግልገል አባይ የውኃ አይጥ

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬዋ እንግዳዬ የምትታወቀው በአንዲት ናሙና ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ሰው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ወደ ኢትዮጵያ ባደረገው ጉዞ፣ ጎጃም ውስጥ ከግልገል አባይ ምንጭ አጠገብ፣ 2,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተያዘች። በ1928 ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤየስ የሚል ስም ወጣላት። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ፈልገው አላገኟትም። አካባቢው በግጦሽ ተራቁቷል፤ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይም እጅግ ለአደጋ ከተጋለጡት ጎራ ሰፍራለች።

ጠፍታለች ለማለት ግን እኔ አልቸኩልም። መጀመሪያ ወጥመዱ የት ነበር የተቀመጠው?

ሰውነቷ የውኃ እንስሳ መሆኗን ይናገራል። ፀጉሯ ጥቅጥቅ ያለ፣ ውኃ የማያስገባ ነው። የኋላ እግሮቿ ሰፊ ናቸው። የራስ ቅሏም ለአካሏ ትልቅ አንጎል ይይዛል። በ2020 የታተመ ጥናት ከዚያችው አሮጌ ናሙና ዲኤንኤ አውጥቶ፣ የቅርብ ዘመዷ ኮሎሚስ የተባለው የአፍሪካ ደን አይጥ መሆኑን አረጋግጧል። ኮሎሚስ ሌሊት በረጃጅም እግሮቹ ጥልቀት በሌለው ጅረት ውስጥ ይቆማል። ጢሙን ውኃው ላይ ያሳርፋል፤ እጭ ስትንቀሳቀስ ንዝረቷን በጢሙ ይሰማና ቀጨም ያደርጋታል። የአንጎሉ ትልቅነትም ከዚህ የጢም መረጃ ጋር ይያያዛል።

እንዲህ ላለ እንስሳ ደረቅ ሳር ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ማባበያ ያለበት የሣጥን ወጥመድ ማስቀመጥ ምን ይፈይዳል? ሣጥኑን የሳር አይጥ ይሞላዋል፣ ያ ብቻ። የሣጥን ወጥመድ ጅረቱ ውስጥ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ባለበት፣ አይጧ ልትሄድበት በምትችለው መስመር ላይ ይቀመጥ። ማባበያ ከተፈለገ የምድር ትል ወይም ትንሽ ዓሣ ይሻላል። ወጥመዱ ከድንጋይ ጋር ካልታሰረ ጎርፍ ይወስደዋል። ወለሉ ደግሞ ከውኃው ከፍ ካላለ፣ ውስጥ የገባችው አይጥ ሌሊት ትሰጥማለች፤ ወይ በደጋው ብርድ ትሞታለች። ስለዚህ ከፍ ባለው ጥግ ደረቅ ጥጥ ይግባ፤ ወጥመዱም ሌሊት አንድ ጊዜ፣ ንጋት ላይ ደግሞ በድጋሚ ይታይ። (ቆይቶ ለሚነሣ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።)

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን አይጧን ሳይነኩ መፈለግ ነው። እንስሳት ውኃ ውስጥ ቆዳና ሰገራ ይጥላሉ፤ ዲኤንኤያቸውም በዚያ ይቀራል፤ ውኃውን በጥቃቅን ቀዳዳ ማጣሪያ አሳልፎ ማጣሪያውን አልኮል ውስጥ ማቆየት ይቻላል። የሚወዳደርበት የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ከዚያች ናሙና ተገኝቷልና ሥራው ተስፋ አለው። ፈተናው ሁለት ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ማጣሪያውን ወዲያው ይደፍነዋል፤ ስለዚህ በጋ ይመረጥ። ከብት በሚጠጣበት ቦታ ደግሞ የላምና የሰው ዲኤንኤ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ምንም ዲኤንኤ የሌለበት ንጹሕ ውኃም እንደ መቆጣጠሪያ በተመሳሳይ መንገድ መጣራት አለበት፤ ካልሆነ ብክለቱ ከጅረቱ ይሁን ከእጃችን አይለይም።

ለመነሻ ጠበሉ ዘንድ ሰው የሚበዛበትን ዋናውን ምንጭ አልመርጥም። ወደ ግልገል አባይ የሚገቡትን፣ ዳርቻቸው ገና ቁጥቋጦ ያለባቸውን ትንንሽ ጅረቶች፣ ከታች ወደ ላይ እየተከተልኩ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ናሙና እወስዳለሁ።