ወፍጮው የማን ነበር?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ውድ ጓደኞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የጥንት ሮማውያንን ኑሮ ከመካከለኛው ዘመን የፊውዳል ኑሮ ጋር እንዳነጻጽር ተጠይቄያለሁ። ነገሩ ሰፊ ነው። ስለዚህ ነገሥታቱንና ጦርነቱን ትቼ በአንድ በር ብቻ ልግባ፤ በወፍጮ ቤት በር። እህሉን ማን እንደሚፈጭ ካወቅን ማን እንዴት ይኖር እንደነበር እናውቃለን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ79 ዓ.ም. እሳተ ገሞራ የቀበራት ፖምፔ የምትባል የሮማውያን ከተማ አለች። በ2023 ቆፋሪዎች እዚያ አንድ ዳቦ ቤት ማግኘታቸውን ተናገሩ። ክፍሉ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያወጣ በር የለውም። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከፍ ብለው የተሠሩ፣ ብረት የተገጠመላቸው። ወለሉ ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ ክብ እየሠራ የሚሄድ ፈለግ ተቀርጿል። ወፍጮውን የሚያዞሩት አህዮች ዓይናቸው ተሸፍኖም ቢሆን መንገዳቸውን እንዳይስቱ ነው። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ከአህዮቹ ጋር ባሪያዎችም እዚያው ተዘግቶባቸው ይሠሩ ነበር።

ቢሸሹስ? በሮም አንድ ሙዚየም ውስጥ የብረት የአንገት ቀለበት አለ። ከቀለበቱ የተንጠለጠለው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሸሽቻለሁ፤ ያዙኝ። ለጌታዬ ለዞኒኖስ ስትመልሱኝ አንድ የወርቅ ሳንቲም ትቀበላላችሁ።» ሰውየው ራሱ የሚናገር ተደርጎ ነው የተጻፈው። እኔን ከቀለበቱ በላይ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ግን ሮም ሌላም ፊት አላት። እዚያው ከተማ፣ ፖርታ ማጆሬ በሚባለው በር አጠገብ፣ የዩሪሳከስ መቃብር ቆሟል። ሥራው ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ብዙ አጥኚዎች ነጻ የወጣ ባሪያ ነው ብለው ያምናሉ። ሀብታም ሆነና ሲፈጩ፣ ሲያቦኩ፣ ሲጋግሩ የሚያሳይ ምስል ያለበት ትልቅ መቃብር አሠራ። የሮም ባሪያ በወጉ ነጻ ከወጣ ዜጋ መሆን ይችል ነበር። በ193 ንጉሠ ነገሥት የሆነው ፔርቲናክስ እንኳ አባቱ ነጻ የወጣ ባሪያ ነው። ይህ ዕድል ግን በአብዛኛው የከተማው ባሪያ ነው። ማዕድን ቆፋሪው እዚያው ይሞታል።

አሁን ወደ ፊውዳሉ ዘመን እንሻገር። ድልድዩን የሠሩት ሮማውያን ራሳቸው ናቸው። በ332 ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርሰውን ገበሬ ጥሎ እንዳይሄድ በሕግ ከለከለ። ሊያመልጥ ያሰበ በሰንሰለት ሊታሰር ይችላል አለ። ያ ገበሬ ባሪያ አልነበረም፤ በስም ነጻ ሰው ነበር።

የፊውዳሉን ዘመን ገበሬ ጭሰኛ ልበለው፤ ቃሉን ከአገራችን ተውሼ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። የእኛን ጭሰኛ ባለመሬቱ ከመሬቱ ያባርረው ነበር። የእነሱ ጭሰኛ ደግሞ ልሂድ ቢልም አይለቁትም።

በእንግሊዝ ጭሰኛው ጎጆና ማሳ ነበረው፤ ሚስትና ልጆችም። በየሳምንቱ የተወሰኑ ቀናት የጌታውን መሬት በነጻ ያርሳል። ሴት ልጁን ሲድር ለጌታው ይከፍላል። ሲሞት ደግሞ ካሉት ከብቶች ምርጡን ጌታው ይወስዳል። አስቡት፤ አባወራው በሞተ ሰሞን በሬው ከበረት ሲወጣ።

እህሉንም ቢሆን ማስፈጨት ያለበት በጌታው ወፍጮ ነው። ለዚያም ከእህሉ ይቆረጥበታል።

ከለንደን በስተ ሰሜን ያለችው የሴንት አልባንስ ከተማ ጌታ ገዳም ነበር። ሰዉ ግን በየቤቱ በእጅ ወፍጮ ይፈጭ ነበር። በ1330ዎቹ የገዳሙ አለቃ ወፍጮዎቹን ሰብስቦ ወሰደ። ድንጋዮቹንም የገዳሙ ወለል አድርጎ አስነጠፋቸው።

እኔ አያቴ ተንበርክካ በመጅ ስትፈጭ አይቻለሁ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ታዲያ ሰው ለዚህ ድካም ይጣላል? ይጣላል። ወፍጮው የራሱ ነዋ!

በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ያስመረረው የእንግሊዝ ገበሬ ተነሳ። የሴንት አልባንስ ሰዎችም ገዳሙ ገብተው ያን ወለል ፈነቀሉት። ከወሰዱባቸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ አልረሱም። ድንጋዮቹን ሰባብረው ለየሰዉ አደሉ። እንዲህ ብሎ የጻፈው የዚያው ገዳም መነኩሴ ነው። አስተዳደሉን ያመሳሰለው በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያን ከሚታደለው የተባረከ ዳቦ ጋር ነው። ጸበል ጻዲቅ እንደምንለው ማለት ነው።

አመጹ ተሸነፈ። በሐምሌ ወር ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ራሱ ሴንት አልባንስ መጣ። «አዳም ሲቆፍር ሔዋን ስትፈትል፣ ያኔ ጌታው ማን ነበር?» ብሎ የሰበከው ቄስ ጆን ቦል እዚያው ተሰቀለ።

ሰዎቹ ቁራጭ ድንጋይ ለምን እንደፈለጉም መነኩሴው ጽፏል። ባዩት ቁጥር ገዳሙን እንደተበቀሉት እንዲያስታውሳቸው ነው።

አመሰግናለሁ።