የሚከፈት መርከብ፦ በድሬዳዋ የሞዴል ትርኢት መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ እናንተም ከጧት ጀምሮ ጠረጴዛ ስትሸከሙ የዋላችሁ የክበባችን ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አሥር ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። የመድረክ መሪያችን ከአሁኑ ሰዓቱን ማየት ጀምሯል። የድሬ ሰው መሆኔን ረስቶታል መሰለኝ። እኛ ዘንድ አሥር ደቂቃ ለሰላምታ ብቻ አይበቃም።

“ስለ ሳይንስ ልብወለድ ሞዴሎች አጠቃላይ ገለጻ አድርግ” ተብያለሁ። አደርጋለሁ። ግን የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። ዛሬ ማይክ በእጄ ገብቷልና አወጣዋለሁ።

መጀመሪያ ገለጻው። እዚህ የምታዩት በሳጥን ተበትኖ ከሚመጣ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከፍሬሙ ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፣ ይጣበቃል፣ ይቀባል። አውሮፕላንና ታንክ የሚሠሩ ሰዎች ፎቶ እያዩ ይሠራሉ፤ እውነተኛው ዕቃ የሆነ ቦታ ቆሟልና። የእኛ የጠፈር መርከቦች ግን በዓለም ላይ ኖረው አያውቁም። ስለዚህ ተመልካቹን “ይሄ ትልቅ ነው፣ ውስጡ ሰው አለ” ብሎ ማሳመን የእኛ ዕዳ ነው።

እንዴት ይታመናል? በመብራት። በ1 ለ350 ስኬል፣ ማለትም 350 ጊዜ አንሶ የተሠራ መርከብ ላይ አንድ ሰው ቢቆም ቁመቱ 5 ሚሊሜትር ነው። በ1 ለ1000 ደግሞ 2 ሚሊሜትር አይሞላም። እንግዲህ የእሱን መስኮት አስቡት። ልጆቻችን ግማሽ ሚሊሜትር በሆነች የትሪፓኖ ጫፍ በእጃቸው እያሽከረከሩ ይበሳሉ። በየቀዳዳው አንድ ቀጭን ፋይበር ያስገባሉ። ፋይበሩ ከየት መጣ? ድሮ በየቤቱ ቡፌ ላይ ይቀመጥ የነበረውን፣ ጫፍ ጫፉ ቀለም እየቀያየረ የሚበራውን የፕላስቲክ አበባ ታስታውሳላችሁ? እሱ ነው። እናቶች፣ የጠፋባችሁ ካለ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ፈልጉት።

ኤልኢዲው፣ ትንሿ መብራት ማለት ነው፣ ከተሰበረ የእጅ ባትሪ ይወጣል፤ አዲስ ከተፈለገም እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሞልቷል። ሽቦው ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ይፈታል። ከፀጉር ትንሽ ቢወፍር ነው። ላዩ ላይ ቫርኒሽ ስላለው ጫፉ ሳይፋቅ በብየዳ ካውያ አይያዝም። መብራቱ እንዳይቃጠል ኤሌክትሪኩን የሚገድበውን ሬዚስተር ማንም ልጅ አስልቶ ነው የሚገዛው። ባትሪው 9 ቮልት ነው። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይወስዳል። 6 ይተርፋል። ለ20 ሚሊአምፔር ሲካፈል 300 ኦም ይመጣል። ሱቅ ውስጥ 330 አለ፣ እሱን ይገዛል። ቀይ ከሆነ ወደ 2 ቮልት ብቻ ስለሚወስድ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ የኦምን ሕግ ለፈተና መሸምደድ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፕላስቲኩ ስስ ነው። ውስጡ መጀመሪያ ጥቁር ካልተቀባ፣ በጥቁሩ ላይ ደግሞ ብርሃን እንዲመልስ ነጭ ካልተደገመ፣ መብራቱን ስታበሩት መርከቡ በሙሉ እንደ ፋኖስ ይሆናል። ያኔ መስኮቱ ከግድግዳው አይለይም። ሌላው ጥፋት ማብዛት ነው። እኛ አገር መብራት ከተገኘ ዓይን እስኪያጠፋ ነው የሚበራው። ደመቅ ባለ ቁጥር ሞዴሉ አንሶ ይታያል። ይህን የምላችሁ በሠርግ አዳራሽ መብራት ላደጉት የክበባችን ልጆች ነው። ሰምታችኋል፣ ዝም አትበሉ!

የድሬ ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። በኤርብራሽ የሚረጨው ቀለም ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና ሻካራ ሆኖ ያርፋል። ለዚህ ነው ልጆቹ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው የሚቀቡት። ጎረቤት “ምን ነካቸው?” ቢል እውነት አለው።

ገለጻው ይሄ ነው። አሁን ወደ ጉዳዬ።

በሳይንስ ልብወለድ ታሪክ ዝነኛ ከሆኑት ሞዴሎች አንዱ ዋሽንግተን ውስጥ፣ የስሚዝሶኒያን የአየርና ጠፈር ሙዚየም አዳራሽ ተቀምጧል። በ1960ዎቹ ለተቀረጸው “ስታር ትሬክ” ለተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ የተሠራው፣ ኢንተርፕራይዝ የተባለው የጠፈር መርከብ ሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ተሠራ፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ገደማ ነው። አብዛኛው አካሉ እንጨት ነው። መጀመሪያ መብራት አልነበረውም፤ በኋላ ገባለት። የሞተሮቹ ፊት ላይ ያ የሚሽከረከር ቀለም ምን መሰላችሁ? ከጉልላቱ ጀርባ ትንሽ ሞተር፣ አምፖሎችና የመስታወት ስብርባሪ ነው።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። የመብራቱ ሽቦ የሚገባው በግራ ጎኑ ነበር። ስለዚህ ያ ጎን በደንብ አልተጠናቀቀም። ካሜራውም የሚቀርጸው በቀኝ በኩል ነበር። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መርከብ አንድ ጎኑ ገመድ ነው! ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2016 አድሶ ለሕዝብ ሲያሳየው የድሮ አምፖሎቹ በኤልኢዲ ተተክተው ነበር። ግራ ጎኑን ግን አላስዋቡትም። እንደነበረ ተዉት። እነዚያ ባለሙያዎች ሽቦው የሥራው አካል መሆኑ ገብቷቸዋል።

እኛ ዘንድ ያልገባው አለ።

አምና አንድ ውድድር ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም፤ አዘጋጁንም አልጠራም። የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ከክበባችን አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መርከብ ይዞ ሄደ። ከሆዱ ሥር ክዳን ሠርቶለታል። ክዳኑን የሚይዙት ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ የወጡ አራት ማግኔቶች ናቸው። በጥፍር ጫፍ ሲነኩት ጠቅ ብሎ ይነሳል። ውስጡ ባትሪው፣ ማብሪያው፣ ሬዚስተሮቹ በሰልፍ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ሽቦ ላይ የወረቀት ምልክት ታስሯል፤ “ቀኝ ሞተር”፣ “ድልድይ”፣ “የፊት መስኮት” ይላል፤ ድልድይ የሚባለው የመርከቡ ማዘዣ ክፍል ነው። የልጁ እጅ ጽሑፍ አይነበብም ብላችሁ የምትነግሩኝ መምህራን፣ ይሄን ብታዩት በደንብ ይነበብ ነበር።

ዳኛው መጣ። መርከቡን ገለበጠው። ክዳኑን ከበው የሄዱትን መስመሮች በጣቱ ተከተለና “ክፍተት አለው” አለ። ልጁ “ጋሼ፣ ክፍተት አይደለም፣ ይከፈታል እኮ” አለው። ከፍቶም አሳየው። ዳኛው ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ ነጥብ ቀነሰ።

ከጎኑ ሌላ መርከብ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ያማረ ሥራ ነው። መገጣጠሚያው ሁሉ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተሞርዶ፣ ከየት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም። የሠራውን ልጅ አደንቀዋለሁ፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ከጀርባው አንድ ገመድ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። አንደኛ ወጣ። ይገባዋል አትበሉኝ፣ አይገባውምም አትበሉኝ፣ ቆዩ።

በማግስቱ ትርኢቱ ለተማሪዎች ክፍት ሆነ። ረፋድ ላይ አንደኛ የወጣው መርከብ ቀኝ ሞተር ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ቀጥሎ መስኮቶቹ ጠፉ። ቀጥሎ ሁሉም። ልጁ ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ሌላ ሶኬት ላይ ሞከረ። እኔ ቴስተር ይዤ ስለነበር ጠራኝ። ገመዱ ላይ ለካሁት፣ ደህና ነው። ችግሩ ውስጥ ነው። ውስጥ እንዴት ይገባል? በመጋዝ ካልተቆረጠ መግቢያ የለውም። ማን ይደፍራል? የወራት ልፋት ነው። ልጁ ዋንጫውን በአንድ እጁ፣ የጨለመውን መርከብ በሌላ እጁ ይዞ ቆመ። እኔም ቴስተሬን ይዤ ቆምኩ። የምነካበት ቦታ የለማ!

በዚያው ጧት የእኛም ልጅ መርከብ አንድ መብራት አጠፋ። አያስደንቅም። በባጃጅ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ነው። ክዳኑን አነሳ። ምልክቱን አየ። “ድልድይ” የሚለው ሽቦ ከብየዳው ለቋል። ካውያ ለመነ፣ ነካ አደረገው፣ በራ። ያዘዝኩት ሻይ ገና ትኩስ ነበር። እና ልብ በሉ፣ የጉብኝቱ ተማሪዎች በሙሉ የተሰበሰቡት እዚያ የተከፈተ ሆድ ላይ ነው። “ይሄ ምንድነው?”፣ “ይሄኛውን ብነቅለው ምን ይሆናል?”፣ “እኛስ መሥራት እንችላለን?” ዛሬ እዚህ ጠረጴዛ ይዘው ከምታዩዋቸው ውስጥ ያን ቀን የተቀላቀሉን አሉ። በዋንጫው መርከብ አጠገብ ግን ሁሉም “ዋው” ብሎ አለፈ።

ነጥብ የተቀነሰው ለዚህ ነው!

እኔ ታይዋን ገበያ አጠገብ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለኝ። ብዙዎቻችሁ ሬዲዮ፣ ቻርጀር፣ ሪሲቨር ይዛችሁ መጥታችኋል። ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚመጣልኝ ዕቃ ብሎን የሌለው ሆኗል። በሙጫ የታሸገ ነው። ስከፍተው ይሰበራል። ባለቤቱ “አበላሸኸው” ይለኛል። ፋብሪካ እንዲህ ቢያደርግ አዲስ ሊሸጥልን ፈልጎ ነው፣ ገባኝ። የእኛ ዳኛ ምን ሊሸጥልን ነው?

ይህች ከተማ ማን ናት? እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ባቡሩ ሲታመም የሚታከመው እዚሁ፣ ወርክሾፑ ውስጥ ነበር። አባቴ እዚያ ቶርኖ ላይ ሠርቷል፤ የብዙዎቻችሁም አባት እንዲሁ። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ሎኮሞቲቩ ቆሞ አይጠብቅም። ይፈታል፣ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ይገጠማል። የማይፈታ ነገር እዚያ በር አልገባም! ታዲያ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ የሚከፈት ነገር ሠራ ተብሎ፣ ነጥብ ይቀነስበት? አቦ! ምን ዓይነት ነገር ነው?

“ውበት ነው የምንዳኘው” ይሉኛል። ይሁን። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ቀንሱ። መስመሩ ከተንጋደደ ቀንሱ። ይከፈታል ብሎ መቀነስ ግን ውበት አይደለም፣ ስንፍና ነው። ከፍቶ ማየት ጊዜ ይወስዳላ። የተቀባውን ገጽ ማየት ይቀላል።

እሺ፣ አየሁህ፣ ሰዓቱ አልቋል። የቀሩትን በአጭሩ።

ስለ ሙጫ፦ ግልጽ ፕላስቲክ አጠገብ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ። ጭሱ መስኮቱን ነጭ ያደርገዋል።

ስለ ዋጋ፦ ኪቱ፣ ያ በሳጥን ተበትኖ የሚመጣው ፕላስቲክ፣ ውድ ነው፣ ከውጭ በሻንጣ ነው የሚመጣው። ዘመድ ሲጠይቃችሁ ከጫማ ይልቅ እሱን እዘዙ። ካልሆነም የተሰበረ መጫወቻና የሻምፑ ጠርሙስ ይበቃል፤ የፊልም ሠሪዎቹም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከታንክና ከመርከብ ኪት ቁራጭ እየለቀሙ ነው የጠፈር መንኮራኩር የሠሩት።

ስለ ክፍል፦ ቋሚ ቦታ ጠይቀን “የልጆች መጫወቻ ነው” ተብለን ተመልሰናል። የመለሰን ቢሮ ሰው ካለ፣ ዛሬ ልጁን ይዞ ይምጣ። ሌላ አልጨምርም።

ሴት ልጆቻችንን በተመለከተ፦ እዚህ ካሉት ብየዳዎች ንጹሑ የማን እንደሆነ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ታያላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ የአዳራሹን መብራት እናጠፋለን። ሕፃናትን በእጅ ያዙ፣ መሬት ላይ ገመድ አለ። ባልጠበቅነው ሰዓት በራሱ ቢጠፋም አትደንግጡ፣ ሞዴሎቹ በባትሪ ነው የሚሠሩት፤ የድሬን መብራት ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

ለዘንድሮ ዳኞች ደግሞ፦ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በየጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴና ወረንጦ አስቀምጠናል። መጀመሪያ ክፈቱ፣ ከዚያ ነጥብ ስጡ። አመሰግናለሁ።